ሞረድና የመልእክተኛው ድምፅ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ የመንገዱ ጭቃ መጠንከር በጀመረበት ወር፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ሲሰማ የኖረው የድማሚት ድምፅ ጸጥ አለ። የከተማዋ ሰው የመስኮቱን መስታወት የሚያንቀጠቅጠውን ፍንዳታ ከመልመዱ የተነሣ ጸጥታው አሳሰበው፤ አንዳንዱ ጦርነቱ ዳግመኛ ሊጀመር ነው አለ፤ አንዳንዱም ቆፋሪዎቹ ተጣልተው ተበተኑ አለ፤ በማግስቱ ግን በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ተጠናቋል፤ ክቡር አገረ ገዢው በመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ መርቀው ይከፍቱታል፤ በዚያው ዕለት ሞተር ሳይክል ያለው ማንኛውም ሰው ከወንዙ ድልድይ ተነሥቶ እስከ ተራራው አናት ይወዳደራል፤ ቀድሞ የደረሰውም የመጀመሪያውን የፖስታ ከረጢት ተሸክሞ ተራራውን እንዲሻገር ይሾማል፤ ይላል ማስታወቂያው።

ካነበቡት መካከል አንዱ በባቡር ጥገና ፋብሪካው ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ሆኖም ከፋብሪካው አለቆች በቀር በዚያ ስም የሚጠራው አልነበረም። ከተማው የሚያውቀው «ሞረድ» በሚል ቅጽል ነው፤ ስሙን ያወጡለትም የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እጁ ብረት ያለሰልሳል፣ ምላሱ ሰው ይፍቃል ብለው። ሞረድ ማስታወቂያውን አንብቦ ጨርሶ ሊሄድ ሲል ከኋላው የቆመ አንድ ሰው ለጓደኛው እንዲህ ሲል ሰማ።

«መልእክተኛው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ማን ከድልድዩ ይነሣ ነበር?»

«ምን ያደርጋል! ፈንጂ ወንድ አይመርጥም።»

ሞረድ ኮቱን ጎትቶ ቆልፎ ሄደ።

መልእክተኛው የዚያው ከተማ ልጅ ነበር። በጦርነቱ ዘመን በከተማዋ የሰፈረውን ጦር ሻለቃ ትእዛዝ በሞተር ሳይክል ወደ ግንባር ሲያመላልስ ኖሮ፣ በመጨረሻው ዓመት በተቀበረ ፈንጂ ላይ አልፎ ሞተ። ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ሚስቱን ከኋላው አስቀምጦ በዋናው ጎዳና ላይ ያልፍ ነበር፤ ነጋዴው ሚዛኑን አቁሞ፣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንጠልጥሎ ያያቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ደስ የሚል ነገር ጥቂት ስለነበረ፣ የነዚያ ሁለት ሰዎች ማለፍ የከተማው ሁሉ ንብረት ሆኖ ቀረ። ሚስቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሐዘኗ ከወጣች በኋላ ሞረድ ሽማግሌ ልኮ አገባት፤ ከተማው ግን ጋብቻውን በጆሮው ሰማ እንጂ በአፉ አልተቀበለውም። ሞረድ አጠገቧ ቆሞ እያለ እንኳ ደንበኞቿ «የመልእክተኛው ሚስት፣ እስቲ ይህችን እጅጌ ጠበብ አድርጊልኝ» ይሏት ነበር።

«ለምን ዝም ትያቸዋለሽ?» አላት አንድ ቀን፣ ደንበኛዋ ከወጣች በኋላ።

«ምን ልበላቸው?»

«የማን ሚስት ነሽ?»

«ያንተ።»

«እሱን በያቸዋ!»

«እጅጌ ሊያስጠብብ የመጣን ሰው ስለ ጋብቻዬ ላስተምር? ከፈለግህ በሬ ላይ ታፔላ ስቀል።»

ይህን ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ቅናት በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሲሆን ማስታገሻ አያጣም፤ ባላጋራው ይወፍራል፣ ፀጉሩ ይመለጣል፣ አንድ ቀን ሰክሮ ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ይታያል። የሞተ ባላጋራ ግን በሞተበት ዕድሜ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ አይሳሳትም፣ አያረጅም፣ ቢሰድቡት አይመልስም። ሞረድ ነፍሱን ይማርና ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ነገር ግን ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በመስኮት ወደ ጎዳናው ስታይ ካገኛት «ማንን ነው?» ሳይል «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ለመደ፤ እሷም የልቡን ስለምታውቅ ከመስኮቱ ራቅ ብላ መቀመጥን ለመደች።

ሞተር ሳይክል የመሥራት ሐሳብ ያደረበት ማስታወቂያው ከመለጠፉ ቀደም ብሎ ነበር። ጦሩ ለቆ ሲወጣ ከሰፈሩ ጀርባ ጥሎት በሄደው የብረት ክምር ውስጥ ጎኑ የተሰነጠቀ አንድ ሞተር አግኝቶ፣ ስንጥቁን አስበይዶ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ጣሪያ መጠለያ ሥር አስቀምጦት ነበር። ማስታወቂያውን ባነበበ ዕለት ግን ሥራው መልክ ያዘ፤ ተራራውን ቀድሞ የወጣ ሰው ስም ይኖረዋል፤ የፖስታ ከረጢት አንግቦ በዋናው ጎዳና የሚያልፍ ሰው ሚስትም በባሏ ስም ትጠራለች። ሞረድ የፈለገው ይህንን ብቻ ነበር።

የሞተሩን አጽም የሠራው ከአሮጌ የባቡር ማሞቂያ ቱቦ ነው። መሪውን ለመሥራት የውሃ ቧንቧ ወስዶ፣ በእሳት ሲታጠፍ እንዳይጨፈለቅ ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ጫፎቹን በእንጨት ወትፎ፣ በከሰል ፍም አግሎ በጉልበቱ አጎበጠው። የቤንዚን ታንኩን ከቆርቆሮ ቆርጦ፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝቶ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ አከበበው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አጣ። የጎማውን ክብ ለማቃናት ደግሞ ጎማውን እያሽከረከረ ጠመኔ ያስጠጋበታል፤ ጠመኔው የነካው ቦታ ያበጠ ነው፤ በዚያ በኩል ያለውን ሽቦ ያላላል፣ በተቃራኒው ያለውን ያጠብቃል፤ ጠመኔው ዙሪያውን እኩል እስኪነካ ድረስ እንዲህ ያደርጋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ተመልካቹ አንድ ጎረቤት ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ የሻለቃውን ሞተሮች ሲጠግኑ የኖሩ ጡረተኛ አሥር አለቃ። ባዶ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጡና አስተያየት ይሰጣሉ።

«አንተ ሞረድ፣ ይህ ሞተር ሳይክል ነው ወይስ የባቡር ግልገል?»

«ይሳቁ፤ አሥር አለቃ። ተራራው ላይ እንገናኛለን።»

«ፉጨት ብቻ ነው የጎደለው። ፉጨት አድርግለትና ሐዲድ ላይ እንልቀቀው።»

ሚስቱ ከውስጥ ስትስቅ ተሰማች። ሞረድ ሳቋን እንኳ መረመረ፤ መልእክተኛውም እንዲህ ያስቃት ነበር ይሆን ብሎ።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሞተር መነሣቱ ሌላ፣ መስማማቱ ሌላ ነው፤ አንዴ ያስነጥሳል፣ አንዴ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ አንዴ ደግሞ እንደ ተቆጣ ሰው ጮኾ ይጠፋል። ሞረድ ተንበርክኮ የካርቡራተሩን የአየር ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ያጠብቅና ያዳምጣል፤ ጥቂት ያላላና ያዳምጣል። ሚስቱ ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን እያንቀሳቀሰች፣ በከንፈሮቿ መካከል ስፒል ይዛ ትሠራ ነበር። ድንገት የስፌት መኪናው ቆመ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«ቆይ» አለች።

«ምን?»

«እዚያው ላይ ተወው። አትንካው።»

ሞረድ እጁን ከብሎኑ አነሣ። ሞተሩ ዱም… ዱም-ዱም… ዱም ይላል፤ አንድ እግሩን እንደሚጎትት ግን እንደማይደክመው መንገደኛ።

«አሁን ተስማማ» አሉ አሥር አለቃውም። «ሚስትህ ከእኔ የተሻለ ጆሮ አላት ወንድሜ። ሻለቃው እኔን ትቶ እሷን መቅጠር ነበረበት።»

ያን ቀን ሞረድ እንደ ሙሽራ ደስ አለው። ሚስቱ ሥራዋን አቁማ የእሱን ሥራ አዳምጣለች፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? በብሎኑ ራስ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገ፤ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ ሞተሩን ወደ ጎዳናው አወጣው።

ወፍጮ ቤቱን አልፎ ወደ ታችኛው ሰፈር ሲታጠፍ በስተግራ ሰማያዊ በር ያላት ትንሽ ቤት አለች፤ የመልእክተኛው እናት ብቻቸውን የሚኖሩባት። ሞረድ ከደጃፋቸው ሊደርስ ሲል በሩ በኃይል ተከፈተ። አሮጊቷ መጥረጊያቸውን እንደያዙ፣ አንድ እግራቸው ባዶ፣ አንዱ በጫማ፣ ወደ መንገዱ መሐል ወጡ።

«መጣህ!» አሉ። «መጣህልኝ!»

ሞረድ ፍሬን ይዞ ከፊታቸው ቆመ። ሞተሩ በመካከላቸው ዱም… ዱም-ዱም… ይላል። አሮጊቷ ፊቱን አዩ፤ ታንኩን አዩ፤ እንደገና ፊቱን አዩ።

«አንተ ነህ እንዴ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ድምፁ እኮ… የልጄ ነው። ከሩቅ ነው የማውቀው።» ከዚያ አፍረው መጥረጊያውን ወደ ጀርባቸው ደበቁ። «ይቅር በለኝ ልጄ። እርጅና ነው። በል ሂድ፤ ሥራ አታስፈታ።»

ሞረድ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ነገሩ ግልጽ ነበር። በከተማዋ የቀሩት ሞተሮች የሌላ ፋብሪካ ናቸው፤ የእሱ ግን ከጦሩ ክምር የመጣ በመሆኑ መልእክተኛው ይነዳው ከነበረው ጋር የአንድ ፋብሪካ ነው፤ ሚስቱ «አትንካው» ያለችው ድምፅ ከዚህ ቀደም የምታውቀው፣ ስትጠብቀው የኖረችው ድምፅ ነው። እሱ ተንበርክኮ፣ በገዛ ካቻቢቴው፣ በገዛ ግቢው፣ ባላጋራውን ከመቃብር አስነሥቶታል!

«ድምፁን ከየት ነው ያመጣሽው?» አላት ገና ከበሩ ሳይገባ።

«የቱን ድምፅ?»

«አትንካው ያልሽውን። እማማ ልጄ መጣ ብለው መንገድ ላይ ወጡ።»

ሴቲቱ የምትሰፋውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ እሷም ገና አሁን ነው የገባት።

«ደስ አለኝ» አለች። «ደስ ያለኝን ነው የነገርኩህ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።»

«እኔ እጠይቃለሁ!»

«አንተማ ሁሌ ትጠይቃለህ። የሞተ ሰው ምን እንዲያደርግልህ ነው የምትፈልገው? እንደገና እንዲሞት?»

ከዚህ በኋላ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ድረስ «ብላ»፣ «ጠጣ»፣ «በሩን ዝጊው» ከሚሉት በቀር ብዙ ቃል አልተለዋወጡም።

ሞረድ ያደረገውን ነገር የሚያደርገው የቶርኖ ሠራተኛ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩን ሸጦ ይገላገል ነበር፤ ወይም ሰክሮ ይረሳው ነበር። እሱ ግን ድምፅ የሚለወጠው በምን እንደሆነ ያውቃል። በካርቡራተሩ ሆድ ውስጥ መሐሏ የተበሳ አንዲት የነሐስ ቁራጭ አለች፤ ከጥፍር የማትበልጥ፤ ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን የሚለካው በቀዳዳዋ ነው። ሞረድ በፋብሪካው የምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ጥላ ሥር ሲጫወቱ፣ ቶርኖው ላይ ተደፍቶ ሌላ የነሐስ ቁራጭ አወጣ፤ ቀዳዳዋንም ከቀድሞዋ አጠበበው። ሥራው እንከን አልነበረውም፤ ጥርሷ እንደ ሰዓት ጥርስ የተስተካከለ፣ ገላዋ እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር። ቀዳዳው ሲጠብ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ሲሳሳ ድምፁ ይሾላል። ሞተሩ ዱም-ዱም ማለቱን ትቶ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል፣ የተሳለ፣ የተጣደፈ ድምፅ አወጣ። የማንም ያልሆነ የሞረድ ድምፅ!

ሚስቱ ከመስኮቱ ሥር ሰማችው። ቀና አለች፤ አንዳች ነገር ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችውና ክሯን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባቷን ቀጠለች።

በውድድሩ ዋዜማ አሥር አለቃው መጥተው፣ ሳይጠየቁ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው ወደ ብርሃን አነሡት። በደንብ የሚጠጣ ሞተር ካንዴላው ቡናማ ይሆናል፤ የተጠማ ሞተር ካንዴላ ይነጣል። ያ ካንዴላ እንደ አመድ ነጭ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምን ሆነ?»

«ጠምቶታል እኮ። ምን ነካካህ? ባለፈው እሑድ ጤነኛ ነበር።»

«ፈጥኗል፤ አሥር አለቃ። ሰምተውታል?»

«ሰምቼዋለሁ። የሚጮኽ ሁሉ ይፈጥናል ያለህ ማነው? ሜዳ ላይ ይሮጥልህ ይሆናል፤ ተራራ ላይ ግን ያነድሃል። የነበረውን መልስ።»

«የነበረውን አልመልስም።»

አሥር አለቃው ካንዴላውን በእጁ ላይ አስቀመጡለት። «እንግዲህ የራስህ ነው። እኔ ስንት ሞተር ቀብሬያለሁ፤ አንድ ቢጨመር አይከብደኝም» ብለው ወጡ።

እሑድ ማለዳ ድልድዩ በባንዲራና በሰው ተሞላ። ክቡር አገረ ገዢው የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻለቃውና የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በግራና በቀኝ ቆመው፣ ስለ ሰላምና ስለ መንገድ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ሪባኑን ቆረጡ፤ የመለከት ድምፅ ተሰማ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ዓይን የሚስበው የመንግሥት ሞተር የሚነዳው የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ የእሱ ሞተር ከፋብሪካ እንደወጣ ያበራል፤ የሞረድ ግን ከባቡር ቱቦና ከውሃ ቧንቧ የተሠራች ስለሆነች ተመልካቹ «ድስቱ መጣ! ድስቱ መጣ!» እያለ ይስቅ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኞች ቤተሰብ በጭነት መኪና ተጭኖ ቀደም ሲል ወደ ተራራው ወጥቷል፤ ልብስ ሰፊዋም ከእነርሱ ጋር ነበረች።

ሽጉጡ ሲተኮስ ሳቁ ቆመ። ሞረድ ከሁሉም ቀድሞ ከድልድዩ ወጣ። ሜዳው ላይ ማንም አልደረሰበትም፤ የመጀመሪያውን ኩርባ ሲታጠፍ ሃምሳ አለቃው ከኋላው በአቧራ ውስጥ ጠፋ። የሾለው ድምፅ ገደሉን እየመታ ተመለሰ፤ ከመንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች «ማነው? ማነው?» ሲባባሉ ሰማ፤ «ሞረድ ነው!» የሚል መልስም ሰማ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ወዲህ በሕዝብ ፊት የተጠራው ስም የእሱ ነበር፤ የሟቹን ስም ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ምንም አልቀናም።

ዳገቱ ይበልጥ ቀጥ ሲል ግን በእግሮቹ መካከል ያለው ብረት ሙቀት ሱሪውን አልፎ ተሰማው። የቤንዚን ሽታ በተቃጠለ ዘይት ሽታ ተለወጠ። ፍጥነቱን ቢቀንስ ይበርድ ነበር፤ ሆኖም ከፊቱ ባለው ኩርባ ላይ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ ሚስቱ ቆማ አየ። እሷ እያየችው እንዴት ይቀንስ? ይበልጥ ነዳጅ ሰጠው። ሞተሩ ቀጭን ጩኸት አሰማ፤ ፒስተኑ በሙቀት አብጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣበቀ፤ የኋላው ጎማ ድርቅ ብሎ ተንሸራተተ። ሞረድ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ጨብጦ ከመውደቅ ተረፈና ከመንገዱ ዳር ቆመ። ሃምሳ አለቃው እጁን እንኳ ሳያነሣ አለፈው፤ ሌሎቹም ተከታትለው አለፉ።

ሚስቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቁልቁል መጣች። አጠገቡ ስትደርስ ሞተሩ በሙቀት ጢቅ፣ ጢቅ ይል ነበር።

«ተቃጠለ?»

«ተጣበቀ።»

«ድምፁን ስለቀየርከው ነው?»

ሞረድ ቀና ብሎ አያት። «ሰምተሽ ነበር?»

«ጆሮ አለኝ እኮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ያን ድምፅ መልሰው ብትለው ኖሮ የሚላትን ሁለቱም ያውቁታል። ከተራራው አናት የመለከት ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው አሸንፏል ማለት ነው። ሴቶቹም ለማየት ወደ ላይ ሮጡ። ከኩርባው ላይ ባልና ሚስቱ ብቻ ቀሩ።

«በእግር ነው የምንወርደው?» አለችው።

«እሷስ?»

«እሷንማ ትተናት አንሄድም። ይህን ሁሉ ቀን እንቅልፍ አጥተንባት።»

ሞረድ ማርሹን ባዶ ላይ አደረገ። የተጣበቀ ሞተር ባይሠራም ጎማው ይሽከረከራል፤ ቁልቁለቱም ይወስዳል። ኮቱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ አነጠፈ። ሚስቱ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ከተጋቡ ጀምሮ ከኋላው ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እጆቿ ወገቡን ያዙት።

ያለ ምንም ድምፅ ወረዱ። ከጎማው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠርና ከነፋሱ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሞረድ ግን ሞረድ ነውና ዝም ማለት አልቻለም።

«እሱንም እንዲህ ነበር የምትይዥው?» አላት ፊቱን ሳይመልስ።



«እሱን? በጥርሴ ነበር የምይዘው። ሞት የሚያባርረው ይመስል ነበር የሚነዳው፤ እኔ ከኋላው ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎቴን ነበር የማደርሰው። ሰው ሁሉ ስታምሩ ይለኛል፤ እኔ አንድም ቀን መንገድ አይቼ አላውቅም።» ከዚያ እጇን ዘርግታ አሳየችው። «ያ ወንዛችን ነው? ከላይ ሲታይ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?»

ሞረድ ፍሬኑን ጥቂት ያዝ አደረገ፤ እንድታይ ብሎ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቅናቱ በዚያ ቁልቁለት ላይ ቀረ ማለት ውሸት ይሆናል። ሞረድ በኋለኛው ዘመኑም ሚስቱ በመስኮት ስታይ ማየት አይወድም ነበር። ነገር ግን አዲስ ፒስተን ቀርጾ ሞተሩን እንደገና ሲገጣጥም፣ አሥር አለቃው ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ነገሩን አፍ አውጥቶ ነገራቸው፤ የመልእክተኛው ድምፅ እንዳይመለስበት እንደሚፈራ። አሥር አለቃው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«የምን የመልእክተኛው! እኔ የዚህን ሞተር ወንድሞች በሙሉ ጠግኛለሁ። ሆዱን በልኩ ከሞላህለት ሁሉም እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ፈሪ ቢነዳው ጀግና ቢነዳው። የሠራው ፋብሪካ ድምፅ ነው። ለሟች ያወረስከው አንተ ነህ።»

ሞረድ የቀድሞዋን ባለ ሰፊ ቀዳዳ ነሐስ መለሰ። ሞተሩ ዱም… ዱም-ዱም… አለ፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት ከሥራ ሲመለስ በታችኛው ሰፈር በኩል ይዞር ነበር፤ ከሰማያዊው በር ሲደርስ ነዳጁን ይቀንሳል፤ አሮጊቷም ማን እንደሆነ እያወቁ ይወጣሉ። «ደህና ዋልክ ልጄ» ይሉታል። እሱም «ደህና ዋሉ እማማ» ብሎ፣ እስኪጠግቡ ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆምላቸዋል።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈው ታሪክ አጭር ነው። መንገዱ የተከፈተበት ቀን፣ የክቡር አገረ ገዢው ንግግር፣ የሃምሳ አለቃው አሸናፊነት ተመዝግቧል፤ ስለ ሌሎቹ «አንድ ተወዳዳሪ በሞተር ብልሽት ምክንያት አቋርጧል» ከሚለው በቀር የተባለ የለም። ሞረድ ካረፈ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የመንገዱን ኢዮቤልዩ ሲያከብር የድሮ ዕቃዎችን ሰብስቦ በአዳራሹ አሳየ፤ ሞተሯንም ከቤተሰቡ ተቀብሎ በክብር አቆማት። ስለ እርሷ የተጠየቁት የከተማው ሽማግሌዎች ያን ድምፅ በደንብ ያስታውሱ ስለነበር «የመልእክተኛው ናት» ብለው በአንድ ቃል መሰከሩ፤ ከፊቷም «የጀግናው የጦር መልእክተኛ ሞተር ሳይክል» የሚል ታፔላ ተተከለ።

ልብስ ሰፊዋ፣ ያን ጊዜ ዓይኗ ደክሞ ስፌት ትታ ነበር፤ በመክፈቻው ዕለት መጥታ ታፔላውን አስነበበች፤ ከዚያም የአዳራሹን ኃላፊ ጠርታ ስሕተቱን ነገረችው።

«እማማ፣ ተመርቆ አልቋል እኮ» አላት፣ በትሕትና።

ከዚያ ወዲያ አዳራሹ በተከፈተ ቁጥር እየመጣች ከሞተሯ አጠገብ ትቆም ጀመር። ጎብኚ ሲመጣ መሪው የውሃ ቧንቧ እንደነበረ፣ አጽሙ ከባቡር እንደተወሰደ፣ ታንኩ በእንጨት መዶሻ እንደተቀጠቀጠ ታሳያለች፤ «የሠራው ባሌ ሞረድ ነው» ትላለች። ጎብኚዎቹ ታፔላውን ያነቡና፣ እሷን ያዩና፣ ሐዘን ያደናገራት አሮጊት መስላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። በር የሚጠብቁት ዘበኞች ግን ወሬዋን እየደጋገሙ ስለሰሙት ቅጽል ስም አወጡላት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት እየተጠቃቀሱ «የሞረድ ሚስት መጣች፤ ወንበር አውጣላት» ይባባላሉ። እሷም ስትጠራ አቤት ትላለች።